ሰባት የጎደለው ደወል

ኦክላንድ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2025

ለእናቴ ለእቴቴ ካሳነሽ፣

ይህ ደብዳቤ እንደ ወትሮው በሰገነት አፍ፣ ደህና በሚሰማው በቀኝ ጆሮሽ በኩል ይግባ። ሰገነት፣ ስታነቢላት ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። በገና ደብዳቤዋ «ልጄ ግማሹን እየዋጠች ነው የምታነብልኝ» ብላ ከሳሻለች።

እቴቴ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? የዚያ የወንዝ ዳር ብርድ ለቀቅ አደረገሽ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። አይናዲስ ካስትሮ ቫሊ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እንደ ድሮዋ ትሠራለች። ቤቴል ጁን ላይ ሃይስኩል ትጨርሳለች። አማርኛ ስናወራት ሁሉን ትሰማለች፤ መልሷ ያው በእንግሊዝኛ ነው።

የዘገየሁበትን ልንገርሽ። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ልቤን አሞኝ ሆስፒታል ገብቼ ነበር። የተዘጋች የደም ሥር አገኙና ስቴንት የሚሉትን ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስገቡልኝ። አትደንግጪ፣ ድኛለሁ። ከፍሩትቬል ማውንቴን ቪው ሠራተኛ የማመላልስበት አውቶቡሴ ላይ ተመልሻለሁ። ሐኪሙ ጨው ቀንስ ብሎኛል፤ አይናዲስ ደግሞ ከሐኪሙ ብሳለች።

ዋናው ጉዳይ ግን ይህ ነው፤ ጁላይ 19 እመጣለሁ። ቲኬት ቆርጫለሁ። አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ሰንብተሽ ከተመለስሽ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነ። እኔም አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ በየዓመቱ «በሚቀጥለው ዓመት» እያልኩ ስዋሽሽ ኖርኩ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቼ ያሰብኩት ስለ ልቤ ሳይሆን ስለዚህ ውሸት ነው።

ያዘዝሽኝን ቡናማ የሱፍ ካልሲ ገዝቻለሁ፤ ቁርጭምጭሚት የማያጠብቀውን። ሌላ ምን ላምጣ?

አንቺ ያሳደግሽው፣
ፍሬምናጦስ


ዊዘርሎክ፣ እንግሊዝ፣ ሜይ 11 ቀን 2025

ለልጄ ለፍሬ፣

እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፣ ደብዳቤህ ደረሰ። ሰገነትም ጮክ ብላ አነበበችው። ልብህን እንዳመመህ መስማቱ ያሳዝናል። አምላክ ምሕረቱን ያብዛልህ።

እዚህ ሁሉም ሰላም ነው። ዘንድሮ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ነገር ግን መጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተቀረጹት የጎርፍ ምልክቶች ዝቅተኛው ላይ እንኳ አልደረሰም። የመንደሩ ቅርስ ማኅበር የድሮውን የውሃ ወፍጮ መዘውር አስጠግኖት መሽከርከር ጀምሯል። ጀልባ የሚያሳልፈው የወንዙ መዝጊያም አዲስ የእንጨት በር ተሠርቶለታል። ዝይዎቹ ጫጩት ፈልፍለዋል።

ስለ መምጣትህ፣ ልጄ፣ ከልብ ሕመም በኋላ ረጅም በረራ ጥሩ አይደለም። ትንሽ ቆይ። ለእኔ ምንም አትላክ፣ ምንም አልጎደለኝም።

እናትህ ካሳነሽ
✚


ኦክላንድ፣ ሜይ 20 ቀን 2025

ሰገነት፣

እንዴት ነሽ? ይህን ደብዳቤ ለእቴቴ አታንብቢላት። ላንቺ የተጻፈ ነው።

የደረሰኝን ወረቀት አምስት ጊዜ አነበብኩት። እቴቴ በዕድሜዋ ስለ ወፍጮ መዘውር ጽፋልኝ አታውቅም። ለእኔ የምታስጽፈው የማን ውሻ ማንን እንደነከሰ፣ የቄሱ ሚስት ያበሰለችው ኬክ እንዴት ድንጋይ እንደሆነ፣ ያንቺ ጫማ እንዴት እንደማያምር ነው። ይኼኛው የቱሪስት ወረቀት ነው። ታትሞ አውቶቡስ ጣቢያ ቢቀመጥ ያምርበታል።

ልቤን አሞኝ ነበር ብዬ ነገርኳት። የእኔ እቴቴ ብትሆን «ምን በልተህ ነው? ያቺ ሚስትህ የት ሄዳ ነው?» ብላ ወረቀቱን ታቃጥለው ነበር። «መስማቱ ያሳዝናል» የሚል ቃል ከእሷ አፍ አይወጣም። እንዲህ ዓይነት አማርኛ የሚናገረው ያንቺ እንግሊዝኛ ነው።

ደግሞ «ምንም አትላክ» ትላለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳታዝዘኝ የዘጋችው ደብዳቤ የለም። አንቺ የምታነቢላትን ባለትልልቅ ፊደል ዳዊት፣ የፀጉር መረብ፣ የቀዩን ድልድይ ፎቶ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም የአሜሪካ መጥረጊያ አዝዛኛለች። ምንም አልጎደለኝም የምትል ሴት እኔ አላውቅም።

መስቀሉንም አየሁት። እቴቴ ፊደል ስለማትቆጥር በፊርማዋ ቦታ መስቀል ትሥላለች። የእሷ መስቀል አንድ እጁ ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ይኼ በማስመሪያ የተሠመረ ነው።

ስለዚህ እውነቱን ንገሪኝ። መጦሪያ አስገብተሻታል? አይናዲስን ጠይቂያት ብልሽ ትነግርሻለች፤ ልጆቻቸው ጥለዋቸው የሚሄዱ ሽማግሌዎችን በየቀኑ የምታጥበው እሷ ናት። እናትሽን እንደዚያ አድርገሻት ከሆነ አልምርሽም። ስልክ ስድስት ጊዜ ደወልኩ፣ አታነሺም። ጁላይ 19 እመጣለሁ አልኩ፣ እመጣለሁ።

ፍሬምናጦስ


ዊዘርሎክ፣ ጁን 22 ቀን 2025

ለጋሼ ፍሬ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? አይናዲስና ቤቴልስ? ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራዬ በዝቶብኝ ነው። የመንደሩ አሮጊቶች ሁሉ በኔ እጅ ናቸው።

እማዬን መጦሪያ አላስገባኋትም። ይህን በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ። ከዊዘርሎክ አልወጣችም፣ አሁንም እዚሁ ናት። አልጋዋም እንደተነጠፈ ነው።

መምጣትዎን ግን እስከ መኸር ቢያቆዩት ጥሩ ነው። ቤታችን ሦስት መቶ ዓመት የሆነው የሣር ክዳን ቤት መሆኑን ያውቃሉ። ክዳኑ ሊታደስ ነው፤ ቅርስ ስለሆነ ደግሞ ከወንዙ ዳር በሚታጨድ ሸምበቆ ካልሆነ በሌላ መክደን በሕግ ክልክል ነው። ሸምበቆው እስኪደርስ ቤቱ በመወጣጫ ብረት ተከቦ ይቆያል። ማረፊያ የለንም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከሳን ሆዜ የጸሎት ኅብረታችሁ ሽማግሌ አቶ ጥሩነህ መጥተው አላነጋገሩዎትም? አይናዲስስ ምንም አላለችዎትም?

እህትዎ ሰገነት


ኦክላንድ፣ ጁላይ 1 ቀን 2025

ሰገነት፣

ሰላምታ የለኝም። የምጽፈውን አንብቢ።

ቅዳሜ ከሥራ ስገባ ቤቴል ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳሎን ተቀምጣ ነበር። ለካ ለጉዞዬ የመንደራችሁን ፎቶ አሳትማ ልትሰጠኝ ስትፈልግ ነው የዋለችው። ስታየኝ «ዳድ፣ ሲት ዳውን» አለችኝ። ልጄ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ተቀመጥኩ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ «ዲድ ዩ ኖው?» አለችኝ።

የዊዘርሎክ ቅርስ ማኅበር ዌብሳይት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ የተጻፈውን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

«የመንደራችን የሞት ደወል ከሰባ ዓመት ዝምታ በኋላ ፌብሩዋሪ 2 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተደወለ። የተደወለው ለውድ ጎረቤታችን ለሚስስ ካሳነሽ ነው። እንደ ጥንቱ ልማድ የሞተችው ሴት መሆኗን ለማስታወቅ ሦስት ጊዜ ሁለት፣ ከዚያም ለዕድሜዋ ሰባ ዘጠኝ ጊዜ ተመታ። ድምፁ ከወንዙ ማዶ ተሰምቷል።»

ከወንዙ ማዶ ተሰምቷል። በጀልባ የሚያልፍ ቱሪስት ሰምቷል። ዝይዎቻችሁ ሰምተዋል። እጇ ላይ ያደግሁት እኔ ግን አምስት ወር አልሰማሁም። እኛ መርዶ የሚነግሩን የምናከብራቸው ሰዎች ናቸው፤ ማልደው መጥተው፣ ግራና ቀኝ ይዘውን። እኔን ያረዳኝ የእንግሊዝ ቅርስ ማኅበር ነው። ፎቶም አለው።

አይናዲስን ጠራኋት። ከኩሽና ስትወጣ ፊቷን አይቼ ሌላ ጥያቄ አላስፈለገኝም። «መቼ ነው የሰማሽው?» አልኳት። «የዚያኑ ዕለት። ሰገነት ኮል አድርጋልኝ ነበር። አንተ ስቴንቱ ከገባልህ አምስት ቀንህ ነው፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ቀስ በቀስ ሁሉም ወጣ። ማርች ላይ አቶ ጥሩነህ ከስድስት የጸሎት ወንድሞች ጋር ከሳን ሆዜ በአንድ ቫን ማልደው መጥተው ኖሯል። እኔ የዚያን ቀን ኦቨርታይም ወስጄ ገና ሳይነጋ በፈረንጅ አራት ተኩል ላይ ወጥቻለሁ። መርዶው የሚነገረው ሰው ሳይኖር ቁርስ በልተው ተመለሱ። ማታ ስገባ ገንዳው ውስጥ ሰባት የሻይ ብርጭቆ አይቼ «ማን መጥቶ ነው?» ስላት «የሴቶች ጸሎት ነበረን» ብላኛለች። ሜይ ላይ ደግሞ የቤቴል ምርቃት እንዳይበላሽ ተባለ። እንደ ጥርስ ሐኪም ቀጠሮ መርዶዬን ሲያራዝሙ ከረሙ።

እነሱ ዝም ነው ያሉት። አንቺ ግን ጽፈሻል። የሞተች እናትሽ አፍ ውስጥ ገብተሽ «ልጄ ፍሬ» ብለሽኛል። «ምንም አልጎደለኝም» ብለሽኛል። በሬሳ ስም ምሕረት ለምነሽልኛል። እኔ ኤፕሪል ላይ ስለ ካልሲ ስጽፍላት አፈር ከለበሰች ሁለት ወሯ ነበር።

ቲኬቱን ሰርዤዋለሁ። ለማን ልምጣ? መልስሽን አልፈልግም።

መስቀሉን ስትሥዪው እጅሽ አልተንቀጠቀጠም?

ፍሬምናጦስ


ዊዘርሎክ፣ ጁላይ 13 ቀን 2025

ለጋሼ ፍሬ፣

መልስ አልፈልግም ብለዋል። ቢቀድዱትም እጽፋለሁ።

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን ቃል ፌብሩዋሪ 2 ላይ ልልዎት ይገባ ነበር። ስልኩን አንስቼ የእርስዎን ቁጥር ከመምታቴ በፊት እማዬ ራሷ ያለችኝ ታወሰኝ፤ «መርዶ በስልክ የሚነግር ሰው፣ ሰው አይደለም።» ስለዚህ ለአይናዲስ ደወልኩ። «ልቡ አሁን ተጠግኖ፣ ይህን ብትነግሪው ትገድዪዋለሽ» አለችኝ። እኔ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ እዚህ ያደግሁ ነኝ። የአገራችንን ወግ የማውቀው ከአንዲት ሴት አፍ ብቻ ነው፣ እሷም ሞታለች። ማንን ልጠይቅ? ያሉኝን አደረግሁ።

በኤፕሪል ደብዳቤዎ ሲመጣ ምንም እንዳልሰሙ ገባኝ። ለአይናዲስ ስደውል «ሳምንቱን ታገሺን፣ ዝም ካልሽ ይጠረጥራል» አለችኝ። ያን ጊዜ ጻፍኩ። ጥፋት ነው። ሦስት ወረቀት ቀድጄ ነው አራተኛው ያለቀው። በእሷ ቋንቋ ልጽፍ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለ ሰው ውሻ ስጽፍ የምትስቅ እየመሰለኝ አለቀስኩ። ስለዚህ ስለ መዘውሩ ጻፍኩ። መስቀሉን በማስመሪያ ያሠመርኩት እጄ ስለተንቀጠቀጠ ነው።

አንዱ ቃል ግን ውሸት አልነበረም። ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ አንብቤላታለሁ። መቃብሯ ራስጌ በስተቀኝ ቆሜ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ካልሲውንም ጭምር። የወንዙ መዝጊያ ጠባቂ ለእርዳታ የምጮህ መስሎት ሮጦ መጥቷል።

ደወሉንም ልንገርዎት፣ ያሳበደዎት እሱ ነውና። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ የቅርስ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ስትሰማ ነበር። ስለ ወፍጮው ሲያወሩ ትተኛለች። የተሰነጠቀው ደወል ድሮ ሰው ሲሞት ይደወል እንደነበር ሲነግሩን ግን ነቃችና «ምን አሉ?» አለችኝ። ስተረጉምላት «የዕድር ጥሩምባ ነዋ!» ብላ ተነሳች። «ጥሩምባ በማይነፋበት አገር ሞቼ ማን ይሰማኛል ብዬ ስፈራ ነበር። አስጠግኑት፣ ለኔ ይደወል በያቸው» አለችኝ። ለማስጠገኛው በየበጋው ባዛር ድፎ ዳቦ እየጋገረች ሸጣለች። እንግሊዞቹ ለሷ ሲሉ አላደረጉትም፤ እሷ ናት ያስደረገቻቸው።

አሁን ደግሞ የኔን ይስሙ። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤዎን ያነበብኩት እኔ ነኝ። «ሰገነት፣ ጮክ በዪ፣ ሰገነት፣ አትዋጪ።» ከዚህ ሌላ ለኔ የተጻፈ መስመር ቆጥሬ አላገኘሁም። ሜይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኔ ሲጽፉልኝ እናትሽን ጥለሻል ብለው ነው። እሷን ያጠብኳት እኔ ነኝ፤ ያጎረስኳትም፣ ዓይኗን የከደንኩትም። እርስዎ በሚቀጥለው ዓመት ሲሉ እኔ ዛሬን ነበርኩ። ይቆጡኝ፣ ይገባኛል። ብቻዎን እናት የሞተብዎ ግን አይምሰልዎት።

ሰገነት


ኦክላንድ፣ ጁላይ 23 ቀን 2025

ሰገነት፣

ደብዳቤሽን አልቀደድኩትም። አይናዲስን ሦስት ሳምንት አላናገርኳትም፤ አሁን ጨው ስጪኝ እስከማለት ደርሰናል፣ አትሰጠኝም እንጂ። አቶ ጥሩነህ ሊያጽናኑኝ መጥተው ነበር። «ወንድሜ፣ ታይሚንጉ ነው እምቢ ያለን» አሉኝ። በሩን አሳየኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ጥፋት ነው፣ ግን አሳየኋቸው።

ስለኔ የጻፍሽው እውነት ነው። ላንቺ አልጻፍኩም። ለምን እንዳልጻፍኩ ከዚህ በታች ታገኚዋለሽ።

አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ሰባ ዘጠኝ ያላችሁት ማንን ነው?

እቴቴ የተወለደችው በ1931 ዓ.ም. በጥቅምት ነው። አባቴ፣ ታናሽ ወንድሟ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤታችን ባለው መጽሐፍ ቅዱስ ጀርባ ላይ የሁሉንም ልደት ጽፎ ነበር። የሞተችው በሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። የናትሽን ዕድሜ ሳታውቂ ለእንግሊዝ ነገርሻቸው፣ እነሱም ቆጥረው ደወሉት።

አውቃለሁ፣ ፓስፖርቷ ላይ እንደዚያ ይላል። ፓስፖርቷ ላይ ለምን እንደዚያ እንደሚል የማውቀው ደግሞ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ፤ ምክንያቱም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ዶክተር ልጆቹን የምታሳድግ ሞግዚት ወደ አገሩ ሊወስድ ሲፈልግ ሚስቱ፣ ሞግዚቷ ከአርባ ዓመት በታች ካልሆነች አይሆንም ብላ ነበር። እቴቴ አርባ ስድስት ሆኗታል። ፎርሙን ይዛ መጣች። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፣ የእጅ ጽሑፌ ከሰፈሩ አንደኛ ነው የምትል እሷ ናት። «ሰባት ቀንስልኝ» አለችኝ። 1938 ብዬ ጻፍኩ። የሠራሁት ወንጀል መስሎኝ «ሰባቱን ምን ላድርጋቸው?» አልኳት። ሳቀችና «አንተ ዘንድ አስቀምጥልኝ፣ ስመለስ እወስዳቸዋለሁ» አለችኝ።

በዚያው ፎርም ላይ «አብሮ የሚሄድ ልጅ» የሚል አንድ መስመር ነበር፤ ሁለት አልነበረም። እሷ ምንም አላለችኝም። ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ያንቺን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አምስት ዓመትሽ ነበር፣ ጭኔ ላይ ተቀምጠሽ እስክሪብቶዬን ትጎትቺ ነበር። ከዚያ በኋላ ስምሽን ወረቀት ላይ መጻፍ ከበደኝ። ለአርባ ዓመት ተቆጥቼሻለሁ፣ ምንም ሳታጠፊ። ይኸው አሁን አወቅሽው።

እና ስሚኝ። ደወሉ ሰባት ጎድሎታል። እሷ ልጅ የነበረችበት፣ አባቴን በጀርባዋ ያዘለችበት፣ ሰባት ዓመት ነው የጎደለው። ለዚያ ቅርስ ማኅበርሽ ንገሪያቸው። ሰባቱ ይደወሉ።

ፍሬምናጦስ


ዊዘርሎክ፣ ኦገስት 10 ቀን 2025

ፍሬ፣

እማዬ «ታላቅሽ ነው፣ አንቱ በዪው» ብላኝ ነበር። ስሜን እንደጻፍክልኝ ካወቅሁ በኋላ ግን አንቱ ማለት አልቻልኩም። አንተ እልሃለሁ። ደስ ካላለህ ስትመጣ ተቆጣኝ።

ሐሙስ ዕለት ስብሰባው ላይ ጉዳዩን አነሳሁ። ሚስተር ፔል የሚባሉት የደወሉ ኃላፊ፣ የሰማንያ ዓመት ሰው፣ ትልቁን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ማን መቼ ስንት እንደተደወለለት የተጻፈበት ነው። መዝገቡ ቅርስ ስለሆነ አይሰረዝም፣ አይደለዝም አሉ። ፓስፖርቷ የሚለውን ነው የጻፍነው፣ ለአንድ ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ አይደወልም አሉ። ፀሐፊዋ በትሕትና ራሷን ነቀነቀች። ሻዩ መጣ። እዚህ አገር ሻይ ከመጣ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው።

እኔ በዚህ መንደር አርባ ዓመት ስኖር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። የዚያን ዕለት ተነሳሁ። «ሚስተር ፔል፣ የባለቤትዎን ገላ በመጨረሻው ዓመት ያጠብኩ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «የእርስዎን እናት፣ የርስዎንም እናት» እያልኩ ዞርኩ። «ስንት ዓመቷ ነው ብዬ ወረቀት አልጠየቅሁም። ይህን ደወል ያስጠገነችው እናቴ ድፎ ዳቦ እየሸጠች ነው። የጎርፉን ቁመት በጣት ለክታችሁ ግድግዳ ላይ የምትቀርጹ ሰዎች የሰውን ዕድሜ አጉድላችሁ ዝም ልትሉ ነው?» ከዚያ እንግሊዝኛዬ አለቀብኝና በአማርኛ ቀጠልኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሻዩን ማንም አልነካውም።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አሮጊት «የኔም አያት ለማግባት ስትል አራት ዓመት ቀንሳ ነበር፣ መዝገቡ ውስጥም ዕድሜዋ ተሳስቶ ነው ያለው» አሉ። ሚስተር ፔል መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ሲጠርጉ ቆዩ። በመጨረሻ አይሰረዝም፣ ግን ከሥሩ መጨመር ይቻላል አሉ። ቅዳሜ ሴፕቴምበር 20፣ ጠዋት በነሱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ላይ፣ ሰባቱ ይደወላሉ። የሚደውለው ደግሞ ዓመቶቹን የቀነሰው ሰው መሆን አለበት ብለዋል። ቀልድ መሆኑን አላወቅሁም፣ ፊታቸው አልሳቀም።

ክዳኑ ገና አላለቀም። ያ ውሸት አልነበረም። አልጋዋ ላይ ትተኛለህ።

ሰገነት


ኦክላንድ፣ ኦገስት 20 ቀን 2025

ለእህቴ ለሰገነት፣

ጌታ ጉልበትሽን ያበርታው። እነዚያን ሰዎች በአማርኛ እንደተቆጣሻቸው ለቤቴል ስነግራት «ጉድ ፎር ኸር» አለች። ሁለታችንም ሴፕቴምበር 18 እንገባለን። አይናዲስ ትቀራለች፤ ፈቃድ ስላላገኘች ነው፣ እኔ ስላልታረቅኋት አይደለም። የልብ ሐኪሙ መብረር ትችላለህ ብሎኛል። ገመድ መሳብ እችል እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

አሁንም ተቆጥቻለሁ። በሷ ስም የጻፍሽልኝን ወረቀት አልጣልኩትም፣ ሳየው ያመኛል፣ ምናልባት ሁሌም ያመኛል። ይህን እያወቅሽ ተቀበዪኝ።

ካልሲውን ይዤ እመጣለሁ። ያንቺ እግር ስንት ቁጥር እንደሆነ አላውቅም፣ ካልሲው ግን ሠላሳ ስምንት ነው። ላንቺ ለራስሽ ምን ላምጣልሽ? ጽፈሽ እዘዢኝ። ምንም አልጎደለኝም እንዳትዪኝ።

ቅዳሜ ማማው ላይ ስወጣ ሌላ ሰው ገመዱን አይንካ። ሰባቱን አስቀምጥልኝ ያለችው እኔን ነው፣ የምመልሳቸውም እኔ ነኝ። አንቺ ታች፣ መቃብሯ ራስጌ፣ በቀኝ ጆሮዋ በኩል ቁሚና እየቆጠርሽ ንገሪያት። ጮክ በዪ። አንዱንም እንዳትውጪ።

ወንድምሽ ፍሬ